ከስቶክሆልም ሄልሲንኪ በሌሊት መርከብ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ስዊድን የምንኖር ሰዎችም፣ ዘመድ ጥየቃ የሚመጡ እንግዶችም ደጋግመው የሚያነሷቸውን ጥያቄዎች እዚህ ሰብስቤያለሁ።

መርከቡ መጓጓዣ ነው ወይስ መዝናኛ?

ሁለቱንም ነው። ከሥር የጭነት መኪናና የቤት መኪና ይጫናል፣ ከላይ ሰው ይተኛል፣ ይበላል፣ ይጨፍራል። ስዊድኖች "የፊንላንድ ጀልባ" ይሉታል፤ ግን ጀልባ ብላችሁ አትገምቱት። ከአሥር በላይ ፎቅ ያለው፣ ከ2,000 ሰው በላይ የሚይዝ ተንሳፋፊ ሆቴል ነው።

አመሻሽ ላይ፣ 17:00 አካባቢ (በእኛ 11 ሰዓት) ከስቶክሆልም ይነሳል። በማግሥቱ ጠዋት 10:00 ገደማ፣ ማለትም 4 ሰዓት ላይ ሄልሲንኪ ይገባል። ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ሰዓቶች ትኬቱ ላይ እንደሚጻፈው በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው፣ ዓመታቱም እንደዚያው፤ አንድ ወዳጄ 10:00 የሚለውን የማታ 4 ሰዓት መስሎት ሄልሲንኪ የሚቀበለውን ሰው አሳስቶበት ያውቃል።

በአውሮፕላን አንድ ሰዓት ነው። ለምን ሌሊቱን ሙሉ እጓዛለሁ?

የሚያስቸኩል ጉዳይ ካላችሁ በአውሮፕላን ሂዱ። መርከቡ ለቸኮለ ሰው አይደለም።

እኔ የምሄደው ለመጀመሪያዎቹ ሦስትና አራት ሰዓታት ብዬ ነው። ከስቶክሆልም እስከ ክፍት ባሕር ያለው መንገድ በደሴት የተሞላ ነው። በጠቅላላው ወደ 30,000 የሚጠጋ ደሴትና ድንጋያማ ጉብታ አለ ይባላል። ያ ትልቅ መርከብ በደሴቶቹ መሃል ቀስ እያለ ሲሽሎኮሎክ ከላይኛው ሰገነት ሆናችሁ የሰዎችን ቀይ የእንጨት ቤቶች፣ የታሰሩ ትንንሽ ጀልባዎችን፣ ውኃ ዳር ቁጭ ብለው እጃቸውን የሚያወዛውዙ ልጆችን ታያላችሁ። ቫክስሆልም ላይ ከ16ኛው ክፍለ ዘመን የቆየ ምሽግ አጠገብ ያልፋል። በሰኔ ከሆነ ፀሐይ እስከ 22:00 ድረስ አትጠልቅም።

ብዙ ሰው ግን እንደገባ ወደ ታክስ ፍሪ (ከግብር ነፃ) ሱቅ ይሮጣል። ሱቁ ሌሊትም ጠዋትም አለ። ደሴቶቹ ግን አንዴ ካለፉ አለፉ። እባካችሁ መጀመሪያ ሻንጣችሁን ካቢን ጥላችሁ፣ ጃኬት ደርባችሁ ወደ ላይ ውጡ።

የትኛው መስመር ይሻለኛል?

ለመጀመሪያ ጊዜ ከሆነ ስቶክሆልም–ሄልሲንኪ። በዚህ መስመር የታወቁት ሁለት ድርጅቶች ቫይኪንግ ላይንና ታሊንክ ሲልያ ናቸው። የሲልያዎቹ "ሴሬናድ" እና "ሲምፎኒ" በ1990 እና በ1991 አገልግሎት የጀመሩ ናቸው። ዕድሜ ጠገብ ቢሆኑም መሃላቸው ላይ ግራና ቀኝ ሱቅና ምግብ ቤት ያለው፣ 140 ሜትር ገደማ የሚረዝም የእግር መንገድ አላቸው። ልጆች በጣም ይወዱታል።

መኪና ይዛችሁ ፊንላንድ ለመዞር ካሰባችሁ ስቶክሆልም–ቱርኩ ይሻላል። ጉዞው 11 ሰዓት ያህል ነው፣ ከቱርኩ ሄልሲንኪ ደግሞ ሁለት ሰዓት የሚሆን የባቡር ወይም የመኪና መንገድ ነው። ወደ ኢስቶኒያ ዋና ከተማ ወደ ታሊንም የሌሊት መርከብ አለ። ኖርዌይ ያላችሁ ደግሞ ከኦስሎ ወደ ጀርመኗ ኪል የሚሄደውን ታውቁታላችሁ፤ እሱ 20 ሰዓት ይፈጃል።

አንድ ነገር ልብ በሉ። ስቶክሆልም ውስጥ የሁለቱ ድርጅቶች ተርሚናል አንድ ቦታ አይደለም። ሲልያ ከቫርታሃምነን፣ ቫይኪንግ ከስሉሰን አጠገብ ካለው ስታድስጎርደን ነው የሚነሱት። ከአንዱ ወደ ሌላው በመጨረሻው ደቂቃ መሮጥ አያዋጣም፣ የመሳፈሪያው በርም መርከቡ ከመነሳቱ በፊት ነው የሚዘጋው።

የሚከፈለው በሰው ነው በካቢን?

አብዛኛውን ጊዜ ዋናው ሒሳብ የካቢኑ ነው። አራት ሰው አንድ ካቢን ከያዘ ለአንዱ የሚደርሰው ትንሽ ይሆናል። ስለዚህ ብቻውን የሚሄድ ሰው ይጎዳል፣ ቤተሰብና የጓደኛ ቡድን ይጠቀማል።

ከእሑድ እስከ ሐሙስ ርካሽ ነው። ዓርብና ቅዳሜ፣ በበጋ፣ በየካቲቱ የትምህርት ቤት እረፍት ደግሞ ይወደዳል። የቡፌ እራትም ቀድማችሁ ከትኬቱ ጋር ብትይዙት ከመርከቡ ላይ ዋጋ ብዙ ጊዜ ይቀንሳል።

የትኛውን ካቢን ልያዝ?

በጣም ርካሾቹ ከመኪና ማቆሚያው በታች ናቸው። መስኮት የላቸውም፣ የሞተር ድምፅም ይሰማል። ለለመደ ሰው ችግር የለውም። ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሄድ ሰው ግን፣ በተለይ ጠባብ ቦታ የሚያስጨንቀው ከሆነ፣ እዚያ ባይተኛ እመክራለሁ። ከመኪናው በላይ ያለ መስኮት የሌለው ካቢን ጥሩ ማስታረቂያ ነው።

ወላጆቻችሁን ይዛችሁ ከሆነ ግን የባሕር መስኮት ያለውን ያዙላቸው። እናቴ ስዊድን በመጣች ጊዜ ያደረግኩት ይህንን ነው። ሌሊቱን ሙሉ መጋረጃውን ገልጣ ስታይ አደረች፤ "ይሄ ሁሉ ውኃ ማንም አያጠጣውም?" እያለች። ካቢኖቹ ሁሉ የራሳቸው ሽንት ቤትና ሻወር አላቸው፣ አንሶላና ፎጣም ተዘጋጅቶ ነው የሚጠብቃችሁ። አልጋዎቹ ተደራራቢ ስለሚሆኑ ጉልበታቸውን የሚያማቸው ካሉ የታችኛውን ስጧቸው።

ሻንጣዬንስ?

ራሳችሁ ይዛችሁ ትገባላችሁ። የባሕር ላይ ንፋስ በሐምሌም ይበርዳል፣ ስለዚህ ወፍራም ሹራብ አይረሳ።

በመኪና የምትሄዱ ከሆነ ለሌሊት የሚያስፈልጋችሁን በትንሽ ቦርሳ ለብቻ አዘጋጁ። መርከቡ ከተነሳ በኋላ የመኪናው ፎቅ ይቆለፋል። እኔ የልጄን የሳል መድኃኒት መኪና ውስጥ ረስቼ ሌሊቱን ሙሉ ስታስል ሰምቼ አድሬያለሁ። መድኃኒት፣ የሕፃን ወተት፣ የስልክ ቻርጀር፣ እነዚህን መጀመሪያ አውጡ።

ጾም ላይ ነኝ፣ ምን እበላለሁ? ሐላልስ?

ቡፌው ትልቅ ነው። ሳልሞን፣ በብዙ ዓይነት የተሠራ ሄሪንግ፣ ድንች፣ ሰላጣ፣ ጥቁር ዳቦ፣ የሥጋ ድቡልቡል፣ አይብና ጣፋጭ ይደረደራል። ለጿሚ ሰው አስተናጋጁን "ቬጋን" ብሎ መጠየቅ ነው። ስለ ጾማችን ማብራራት አያስፈልግም፤ ይቺን ቃል ካላችሁ ቅቤም ወተትም እንቁላልም የሌለበትን ያሳዩአችኋል። ድንቹ ላይ ተጠንቀቁ፣ ብዙ ጊዜ ቅቤ ወይም ክሬም አለበት።

ሙስሊም ወገኖች ደግሞ ሥጋውን ሐላል ነው ብላችሁ አትውሰዱ። የሥጋ ድቡልቡሉ ውስጥ የአሳማ ሥጋ ሊኖር ይችላል፣ ጄሊ ከረሜላውም ላይ እንደዚያው። ዓሣውና አትክልቱ በቂ ነው። ቢራና ወይን በቡፌው ዋጋ ውስጥ ስለሚካተት ከጎናችሁ የሚጠጣ ይበዛል። ይህ የሚከብዳችሁ ከሆነ የመጀመሪያውን ዙር እራት ያዙ፣ ቤተሰብ የሚበዛው ያኔ ነው።

የራሴን ምግብ ይዤ ልገባ? ቡናስ ላፍላ?

ካቢን ውስጥ የያዛችሁትን ብትበሉ የሚከለክላችሁ የለም። እኛ ሁሌ ዳቦና ቆሎ ይዘን ነው የምንሄደው። ምድጃ፣ ከሰል፣ ዕጣን ግን በፍጹም። ካቢኖቹ የጭስ መጠቆሚያ አላቸው፣ መርከብ ላይ ደግሞ እሳት ከምንም በላይ የሚፈራ ነገር ነው። ቡናውን ቤት አፍልታችሁ በፔርሙዝ ያዙ።

ስልኬ ይሠራል?

ወደብ አካባቢና በደሴቶቹ መሃል ይሠራል። መሃል ባሕር ላይ ግን ስልካችሁ የመርከቡን የሳተላይት መስመር ሊይዝ ይችላል፣ እሱ ደግሞ በጣም ውድ ነው። በ2017 የመጣው በአውሮፓ ኅብረት ውስጥ ያለ ተጨማሪ ክፍያ የመደወል መብት ይህንን አይሸፍንም። አዲስ አበባ ደውሎ ግማሽ ሰዓት ያወራ፣ በወሩ መጨረሻ ቢሉን ሲያይ የደነገጠ ሰው አውቃለሁ።

መፍትሔው ቀላል ነው። መርከቡ ከደሴቶቹ ሲወጣ ስልኩን አውሮፕላን ሁኔታ ላይ አድርጉትና ዋይፋይ ብቻ ክፈቱ። ዋይፋዩ ቀርፋፋ ነው፣ ለመልእክት ግን ይበቃል።

ሰዓቱ የስዊድን ነው የፊንላንድ?

ፊንላንድ በአንድ ሰዓት ትቀድማለች። ስልካችሁ ሌሊት ላይ ራሱ ስለሚቀያይረው ለቁርስና ለእራት መርከቡ ላይ ያለውን ሰዓት እዩ፣ በስልካችሁ አትመኑ። በበጋ የሄልሲንኪ ሰዓት ከአዲስ አበባ ጋር እኩል ነው። ቤተሰብ ለመደወል ደስ ይላል፤ እዚያ ስንት ሰዓት ይሆን ብሎ መቁጠር የለም።

ልጆች ይዤ ልሂድ? ሰካራም ይበዛል ይባላል።

ልጆች በደንብ ይደሰታሉ። መጫወቻ ክፍል አለ፣ ሠራተኞች የሚያጫውቱበት ሰዓትም አለ።

መጠጡን በተመለከተ፣ አዎ፣ አለ። ዓርብና ቅዳሜ ማታ ለመጠጣት ብቻ የሚሳፈር ሰው ብዙ ነው፤ ኮሪደር ላይ እስከ ንጋት ጫጫታ ሊኖር ይችላል። እኔ ከልጆች ጋር ስሄድ ሰኞ ወይም ማክሰኞ ነው የምመርጠው። ልዩነቱ የሰማይና የምድር ያህል ነው። ካቢን ስትይዙም ከዳንስ ቤቱ ሥር ወይም አጠገብ እንዳይሆን የመርከቡን ካርታ እዩ። ወጣቶች ብቻቸውን የሚሄዱ ከሆነ ደግሞ እንደ ጉዞው የሚለያይ የዕድሜ ገደብ ስላለ ትኬት ከመግዛታችሁ በፊት አንብቡት።

መርከቡ ሌሊት ላይ ምን ሊሠራ ይቆማል?

ኦላንድ ደሴቶች ላይ ነው፣ ብዙውን ጊዜ ማሪሃምን በምትባለው ከተማ። ትንሽ ግርግር ትሰማላችሁ፣ ጥቂት ሰው ይወርዳል፣ ይሄዳል። እንዳትደነግጡ።

ምክንያቱ ግብር ነው። ኦላንድ የፊንላንድ አካል ሆና ራሷን የምታስተዳድር፣ ስዊድንኛ የሚነገርባት ደሴት ናት። በ1995 ከፊንላንድ ጋር የአውሮፓ ኅብረትን ስትቀላቀል ከኅብረቱ የተጨማሪ እሴት ታክስ ክልል ውጪ እንድትሆን ተስማማች። በ1999 በአባል አገሮች መካከል ታክስ ፍሪ ሽያጭ ሲቀር፣ እሷን የሚነኩ መርከቦች ግን መሸጥ ቀጠሉ። የትኬቱን ዋጋ ያረከሰው በአብዛኛው የዚያ ሱቅና የመጠጥ ቤቱ ገቢ ነው። መርከቡ እኩለ ሌሊት ላይ ደሴት ጋ ቆም ብሎ የሚያልፈው ለዚህ ነው።

ሄልሲንኪ ደርሼ አመሻሽ ላይ የምመለስ ከሆነ ምን አያለሁ?

መጀመሪያ፣ ከመድረሳችሁ ግማሽ ሰዓት በፊት ሰገነት ላይ ሁኑ። መርከቡ ሱኦሜንሊና የምትባለውን የምሽግ ደሴት በጠባብ መተላለፊያ ያልፋል። ግንቡን በእጃችሁ የምትነኩት ይመስላችኋል። ምሽጉ በ1748 መሠራት የተጀመረ ሲሆን ከ1991 ጀምሮ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል።

ከወደቡ ከፍ ብሎ ቀይ ጡብ ያለው፣ ጉልላቶቹ ወርቃማ የሆኑ ቤተ ክርስቲያን ታያላችሁ። ኡስፔንስኪ ይባላል፤ በ1868 የተመረቀ የምሥራቅ ኦርቶዶክስ ካቴድራል ነው። ስሙ የእመቤታችንን ዕረፍት የሚያመለክት ነው። እናቴ ይህንን ስነግራት ነጠላዋን አስተካክላ ገባች፣ ከዚያ በኋላ ከተማዋን ወደደቻት።

ከዚያ በትራም ወይም በእግር ቴምፔሊያውኪዮ ሂዱ። በ1969 የተከፈተ፣ ከተማው መሃል አለት ተፈልፍሎ የተሠራ ቤተ ክርስቲያን ነው። ላሊበላን ላየ ሰው አዲስ ነገር አይመስል ይሆናል፤ ግን ጣሪያው ዙሪያ በመስታወት የሚገባው ብርሃንና ያልተስተካከለው የድንጋይ ግድግዳ ልብ ይነካል። ጊዜ ከተረፈ ወደብ ዳር ያለው አሮጌው የገበያ አዳራሽ ውስጥ የሳልሞን ሾርባ ጠጡ። 16:00 ላይ ወደ መርከቡ መመለስ ጀምሩ። የደርሶ መልስ ክሩዝ ከያዛችሁ ካቢኑ ብዙውን ጊዜ ያው ስለሆነ ሻንጣ ተሸክማችሁ አትዞሩም።

ባሕሩ ያንገላታል? ያስመልሰኛል?

የጉዞው ሰፊ ክፍል በደሴቶች የተከለለ ነው፣ እዚያ መንቀሳቀሱ እንኳ አይታወቃችሁም። ክፍት የሚሆነው በስዊድንና በኦላንድ መካከል፣ ከዚያም ከኦላንድ ወዲያ ነው። በበጋ ብዙውን ጊዜ ጸጥ ያለ ነው። ከጥቅምት እስከ ጥር ባለው ጊዜ ግን ማዕበል ሊኖር ይችላል።

የሚያቅለሸልሻችሁ ከሆነ ከመርከቡ መሃል፣ ዝቅ ያለ ፎቅ ላይ ካቢን ያዙ፤ ፊትና ኋላ ይበልጥ ይወዛወዛሉ። ሆድ ባዶም ከልክ ያለፈ ጥጋብም አይሁን። የፋርማሲ ክኒን ከመነሳታችሁ በፊት ነው የሚዋጠው፣ ከጀመራችሁ በኋላ ብዙም አይረዳም። በየካቲት ከሄዳችሁ ደግሞ ባሕሩ በረዶ ሊሆን ይችላል። መርከቡ በረዶውን እየሰበረ ሲያልፍ የሚሰማው ድምፅ ሌሊት ላይ ያስፈራል፣ ግን መርከቦቹ ለዚያ ታስበው የተሠሩ ናቸው።

እዚህ ባሕር ላይ የሰመጠ መርከብ የለም ወይ?

አለ፣ መደበቅም አይገባም። መስከረም 28 ቀን 1994 በአውሮፓ አቆጣጠር ከታሊን ወደ ስቶክሆልም ትጓዝ የነበረችው "ኢስቶኒያ" በማዕበል ሌሊት ሰጠመች። 989 ሰዎች ተሳፍረው ነበር፤ 852ቱ ሞቱ። ምርመራው እንዳመለከተው የፊቷ መክፈቻ በማዕበሉ ተገንጥሎ ውኃ ወደ መኪናው ፎቅ ገባ። ስቶክሆልም ዩርጎርደን ላይ የሟቾች ስም የተቀረጸበት መታሰቢያ አለ።

ከዚያ በኋላ ብዙ ነገር ተቀይሯል። በ1996 የተፈረመው የስቶክሆልም ስምምነት መርከቦቹ መኪናው ፎቅ ላይ እስከ ግማሽ ሜትር ውኃ ቢገባ እንኳ ሳይገለበጡ እንዲቆሙ የሚጠይቅ ነው። የፊት በሮች አሠራርና ቁጥጥር ጠበቀ፣ ተሳፋሪ ሁሉ በስም መመዝገብ ጀመረ። ትኬት ስትገዙ ሙሉ ስምና የልደት ቀን የምትጠየቁት ለዚህም ነው። እንደገባችሁ ካቢናችሁ በር ላይ የተለጠፈውን የመውጫ ካርታ አንብቡ። መሰብሰቢያችሁ የት እንደሆነ በእግራችሁ ሄዳችሁ እዩት። አምስት ደቂቃ ነው።

በሜዲትራኒያን ተሻግሬ ነው የመጣሁት። ባሕር ላይ ልሆን እችላለሁ?

ይህንን ጥያቄ የሚጠይቁኝ ሰዎች ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነው። ከሊቢያ በፕላስቲክ ጀልባ የመጣ ጓደኛ አለኝ። ለዓመታት ሐይቅ ዳር እንኳ መቆም አይወድም ነበር። አንድ ቀን ሚስቱ ጋር ሊሄድ ወሰነና እኔንም አስከተለኝ።

እሱን የረዳውን ልንገራችሁ። በቀን ነው የሄድነው፤ በስቶክሆልም–ቱርኩ መስመር ጠዋት የሚነሳ አለ፣ ቀኑን ሙሉ መሬት እያያችሁ ነው የምትጓዙት ማለት ይቻላል። መስኮት ያለው ካቢን ያዝን። እንደገባ አንዷን ሠራተኛ የሕይወት ጃኬቱ የት እንዳለ ጠየቃት፣ እሷም ሳትሰለች ወስዳ አሳየችው። መጀመሪያ ሁለት ሰዓት ከካቢን አልወጣም። ከዚያ በራሱ ጊዜ ወጣ። ማንም አልገፋፋውም፣ እኔም ዝም ብዬ አጠገቡ ቆምኩ። አሁንም ሌሊት አይሄድም፣ እኛም አንጠይቀውም። አውሮፕላን አለ፤ ባትሄዱም ምንም አይጎድልባችሁም።

የስዊድን አንድ ጊዜ መግቢያ ሸንገን ቪዛ ነው ያለኝ። ይበቃኛል?

ይበቃል። ስዊድን፣ ፊንላንድና ኢስቶኒያ ሦስቱም ሸንገን ውስጥ ናቸው። ኦላንድም እንደዚያው። ከአንዱ ወደ አንዱ ብትሄዱ ከሸንገን እንደወጣችሁ አይቆጠርም። የቪዛው ቀን ግን እስክትመለሱ ድረስ የጸና መሆን አለበት፣ ፓስፖርቱም በእጃችሁ ይሁን።

የሚያሳስተው ሌላ መስመር አለ። ከአምስተርዳም አጠገብ ወደ ኒውካስል የሚሄደው የሌሊት መርከብ እንግሊዝ ነው የሚወስዳችሁ። የእንግሊዝ ቪዛ ለብቻው ያስፈልጋል፣ ተመልሳችሁ ለመግባትም ሸንገናችሁ ከአንድ ጊዜ በላይ የሚያስገባ መሆን አለበት።

የመኖሪያ ፈቃዴ እድሳት ላይ ነው፣ ወይም ጥገኝነት ጠያቂ ነኝ። ከመርከቡ ሳልወርድ ብመለስስ?

ብዙ ሰው የሚሳሳትበት እዚህ ላይ ነው። "22 ሰዓት ክሩዝ" የሚሉት ማሪሃምን ደርሶ የሚመለሰው ጉዞ ርካሽ ስለሆነ፣ ሰውም ስለማይወርድ፣ አገር ውስጥ እንደመንሸራሸር ይመስላል። አይደለም። መርከቡ ፊንላንድ ክልል ገብቷል፣ እናንተም ከስዊድን ወጥታችኋል። ስትመለሱ ወደብ ላይ ፖሊስ ወረቀት ሊጠይቅ ይችላል።

የጸና የስዊድን መኖሪያ ፈቃድ ያለው ሰው ካርዱንና የጸና ፓስፖርቱን አንድ ላይ ይያዝ፤ ካርዱ ብቻውን አይበቃም። ፈቃዱ ካለቀና እድሳቱ ገና ካልመጣ ግን አትሂዱ፣ አዲሱ ካርድ እስኪደርስ ጠብቁ። ኤልኤምኤ ካርድ ደግሞ የመታወቂያም የጉዞም ሰነድ አይደለም፤ ጥገኝነት የጠየቃችሁ መሆኑን ብቻ ነው የሚያሳየው። ጓደኞቻችሁ "ማንም አያይም፣ ነይ እንሂድ" ቢሏችሁም አትስሟቸው። እስከዚያው ባሕሩንና ደሴቶቹን ማየት ካማራችሁ ከስቶክሆልም መሃል ወደ ቫክስሆልም የሚሄዱ ትንንሽ ጀልባዎች አሉ። አገር ውስጥ ናቸው፣ ፓስፖርት የሚጠይቅ የለም፣ ትልቁ መርከብ በሚያልፍበት በዚያው መንገድ ነው የሚወስዷችሁ።